አቶ ማዳልቾ በሴቶች መዝገብ

በአባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ሴቶች በዓመት አንዴ ዘባቸውን ያስቀይራሉ። ዘብ ማለት በደም ውስጥ የሚዘዋወር፣ ከትቢያ ያነሰ ማሽን ነው፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ያሰበ የጡት ሴል ሲያገኝ እዚያው ይጨርሰዋል። ነገሩ ጥፍር እንደመቁረጥ ስለሚታይ፣ ሴቶቹ ወረፋ ላይ ተራቸው ሲደርስ የሚያዝኑት ወሬያቸው ስለሚቋረጥ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ዳምነሽ ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ዘብ ወደሚቀየርበት ክፍል ገቡ። ባልየው አቶ ማዳልቾ ከከተማዋ ሥር ዓሣ የሚያረቡ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ጡቱ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አለበት። ስምንት ወር ሙሉ ደብቆኛል» አሉ ዳምነሽ ለባለሙያዋ ለትርሲት።

«የሴት በሽታ ነው ብዬ ነዋ» አሉ አቶ ማዳልቾ ወለል ወለሉን እያዩ።

ትርሲት የድሮውን ታሪክ ተምራለች። ያኔ ጡት ይቆረጥ ነበር፣ በጨረር ይቃጠል ነበር፣ መድኃኒቱም ፀጉር ያረግፍ ነበር። ብዙ ሴቶች ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብለው እስኪቆስል ድረስ ይደብቁት እንደነበር ስታነብ አላመነችም ነበር። አሁን አመነች።

ሰውየውን፣ አይቶ ለያንዳንዱ ሰው ዘብ በሚያዝዘው መስታወት ፊት አቆመቻቸው። መስታወቱ «ወንድ። አይመለከተውም» ብሎ ጨለመ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ተበላሽቷል ብላ ጀርባውን ከፈተችው፤ ምንም አልሆነም። የዛሬ ስድሳ ዓመት የሠሩት ሰዎች ሴት ብቻ እንዲያይ አዝዘውታል፤ ወንድ መጥቶ ስለማያውቅ ስህተቱን ያስተዋለ የለም። ዋናው ቢሮ ደወለች። ኮሚቴ ተቋቁሞ እስኪያስተካክለው ስድስት ወር ይፈጃል አሏት። እጢው ግን ኮሚቴ አይጠብቅም፤ ትርሲት ፈራች።

«አባባ፣ አንድ መንገድ አለ። መስታወቱ ወንድና ሴት የሚለየው ከመዝገቡ ነው፤ ሴት ብዬ ልመዝግብዎ።»

አቶ ማዳልቾ ወደ በሩ ዞሩ። ዳምነሽ መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

«ሞተህ ወንድ ከምትባል፣ ሴት ተብለህ ብትኖርልኝ ይሻለኛል» አሉ።

ሰውየው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ከዚያ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘቦቹ እጢውን ጠራርገው ጨረሱት። መስታወቱ «ወይዘሮ ማዳልቾ፣ ጤነኛ ነዎት» የሚል ወረቀት ሰጣቸው። መጀመሪያ ኪሳቸው ውስጥ ቀበሩት፤ እሑድ ግን በእድራቸው ስብሰባ ላይ ራሳቸው ቆመው አነበቡት። ሰው ሁሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሰኞ ጠዋት ትርሲት በሩን ስትከፍት ዘጠኝ ወንዶች ተሰልፈው አገኘች።

«ሚስቴን ልሸኝ ነው» አለ የመጀመሪያው። ሁለተኛውም እንዲሁ አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትርሲት ሰልፉን እስከ መጨረሻው አየችው። ሚስት የሚባል አንድም አልመጣም። የሰው ልጅ ካንሰርን የሚገድል ዘብ ሠርቷል፤ ለሐፍረት የሚሆን ግን ገና አላገኘም።

የሴቶችን መዝገብ ዘርግታ «ግቡ» አለቻቸው።