የሞራው ሽታ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ምድጃዬ ላይ የሆነ ነገር ነው። የማያምን አይመን። እኔ ራሴ ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን እንኳ ማመን አቅቶኛል።

ቅዳሜ ነበር፣ መስከረም ውስጥ። ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፀሐይዋ ገና ታቃጥላለች። የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ በሜን ግዛት ሰሜን ነው፣ መንገዱ አልቆ ጫካው የሚጀምርበት ጋ። ልጄ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች የሰባት ዓመቷን የልጅ ልጄን ቲልዳን እኔ ጋ ትታት ሄዳለች።

የፒክአፕ ጥሩምባ ጮኸ። አማቼ ዱዌን ነው፣ የቲልዳ አባት።

"እማማ አልቪና! ይውጡና ይዩ!"

ወጣሁ። ከመኪናው ኋላ አንድ ትልቅ ጥቁር ድብ ተጋድሟል። ዝንብ ወሮታል።

"መቼ ነው የገደልከው?"

"ማለዳ።"

"እስካሁን የት ነበርክ?"

"ሱቁ ጋ... ነዳጅ ማደያው ጋ... ወንድሜም አብሬው ፎቶ ልነሳ አለ።"

ንዴቴ እዚህ ላይ ጀመረ። የአገራችን ወንዶች አመል ይህ ነው። ድብ ከሞተም በኋላ በዚያ ወፍራም ፀጉር ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቶሎ ካልተገፈፈ ሥጋው ከአጥንቱ ጀምሮ ይበላሻል። እነሱ ግን ለመታየት ሲሉ ሬሳ ጭነው መንደር ለመንደር ይዞራሉ።

"ሙሽራ ነው እንዴ የምታዞረው?" አልኩት።

"ለሙሽራ ትንሽ ፀጉር በዛባት፣ እማማ" ብሎ ሳቀ።

"ከየት ነው?"

ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ...

"ዱዌን። ከየት ነው?"

"ከዝግባው ረግረግ ማዶ" አለ፣ በሹክሹክታ።

ወደ ድቡ መለስ ብዬ አየሁ።

ባለቤቴ ኦሬል አምና በጥቅምት ጠመንጃውን ይዞ ወደዚያ ረግረግ ገባ። አልተመለሰም። በውሻ ተፈለገ፣ በአውሮፕላን ተፈለገ። የተገኘው ባርኔጣው ብቻ ነው።

ያኔ ልጄ ፊት ዱዌንን አስምዬዋለሁ። ከዚያ ቦታ የተገደለ ድብ እዚህ ቤት አይገባም። ምን በልቶ እንደወፈረ ማን ያውቃል? እሺ እማማ ብሎኝ ነበር። አይኔን እያየ!

"ቃልህስ?"

"እማማ፣ ጥቁር ድብ ፈሪ ነው፤ ሰው አይበላም። ይሄ የበላው የኔን ዶናት ነው። ማባበያ ብዬ በርሜል ሙሉ አስቀምጬለት በስኳር ነው ያደገው።"

"ቲልዳ ከዚህ ሥጋ አትቀምስም። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ። መጀመሪያ ሞራውን ያሽትቱት፣ ከዚያ ይሳደባሉ።"

ወደ ጋራዥ ወስዶ ሰቀለው። መግፈፍ ጀመረ።

የተገፈፈ ድብ ሰው ይመስላል። ትከሻው፣ ክንዱ፣ ጭኑ... ልክ ሰው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየሁት አያስደነግጠኝም።

ያስደነገጠኝ ውሻው ነው።

ባንጆ የኦሬል ውሻ ነው። ድብ ሲሸተው ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። ያን ቀን አንዴም አልጮኸም።

ዝግ ብሎ ገባ... ከተሰቀለው ሥር ተኛ... ቀና ብሎ አየውና ጭራውን መቁላት ጀመረ።

"አየሽ፣ ባንጆ ወዶታል" አለ ዱዌን፣ ልታይ ለመጣችው ለቲልዳ።

እኔ አልሳቅኩም። "ልጅቷን ወደ ቤት ላካት" ብዬ አንድ ቁራሽ ሞራ ይዤ ወጣሁ።

እኛ ጋ ድብ ከመበላቱ በፊት ትንሽ ሞራ ይቀለጥና ይሸተታል። ድብ የበላውን ነው የሚሸተው። ለውዝና ፖም ሲበላ የከረመ ከሆነ ሞራው ለኬክ ይሆናል፤ ሥጋውም ከበሬ ይበልጣል። ዓሣ ወይም ቆሻሻ ከሸተተ ይጣላል። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።

መጥበሻውን ጣድኩ።

መጀመሪያ የስኳር ሽታ መጣ። እንዳለውም ዶናት ነው።

እፎይ ልል ስል...

ሌላ ሽታ መጣ።

የጥድ ሙጫ። የንብ ሰም። ናና።

ኦሬል በወጣትነቱ ዛፍ ወድቆበት ቀኝ ትከሻው ተሰብሯል። አጥንቱ ጠሞ ነው የገጠመው፤ የእርግብ እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበረው። ቀን ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። እኔ ራሴ የቀመምኩትን ቅባት እቀባዋለሁ። "ዝቅ በይ..." ይለኛል፣ "እዚያ ጋ።"

ያን ቅባት ከእኔ በቀር የሚሠራው ሰው የለም።

ቤቱን የሞላው የዚያ ቅባት ሽታ ነው። ከድብ ሞራ!

መጥበሻውን ከነሞራው ወደ ግቢው ወረወርኩት። "ቲልዳ!" ብዬ ጮኽኩ።

ቤት ውስጥ የለችም።

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ዱዌን በትንሿ የጋዝ ምድጃ ሽንጡን እየጠበሰ ነው። አዳኝ የመጀመሪያውን ጉርሻ እዚያው ይበላል፤ ልማዳቸው ነው። ቲልዳ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ሹካ ይዛለች።

ታኝካለች።

ሳህኑ ላይ የቀረው ሥጋ መሐሉ ቀይ ነው።

"ትፊው! አሁን ትፊው!"

ዋጠችው።

"አንዲት ጉርሻ ናት፣ እማማ" አለ ዱዌን። "እሷ ናት የለመነችኝ።"

"አንተ ከብት! የድብ ሥጋ ቀይ ይበላል? ትል አለው! በረዶ ውስጥ ቢከርም እንኳ የማይሞት ትል! ቃልህን በላህ፣ አልበቃህም፤ ልጅህን ደግሞ..."

ሹካውን ከእጇ ነጠቅኩ። ዱዌንን በዚያው ሹካ ልወጋው ምንም አልቀረኝም። "ሞራው የኦሬልን ቅባት ይሸታል! ቅበረው!" አልኩት።

"ሽታ ነው ብለው የክረምት ቀለባችንን ልቅበር ነው?"

"ትቀብራለህ! ለውሻም አይሰጥም። አሁኑኑ!"

ቲልዳ እጄን ያዘች።

"አያቴ... አትቆጪው" አለች በሹክሹክታ። "ይጣፍጣል። ቤት ቤት ይላል።"

ዱዌን ያኔ ነው ፊቱ የገረጣው። ቀበረው።

ቲልዳን ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደሟን ደጋግመው አዩ። ትል የለባትም፣ ጤነኛ ናት አሉ። ልጄም "እማዬ፣ በቃ፣ አለፈ እኮ" ትለኛለች። ዱዌን በሬን አይረግጥም፤ ከመንገድ ላይ ጥሩምባ ነፍቶ ልጁን ይወስዳል። ልጄም በዚህ ታኮርፈኛለች። ታኩርፍ!

ትናንት እኔ ጋ ነበረች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መጫወቻዋን ትታ ወጣች። ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ባንጆ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ።

የሹራቧን አንገት ከቀኝ ትከሻዋ ላይ ዝቅ አደረገች።

"አያቴ... አሞኛል። ቅቢኝ።"

አያቷን ስቀባ ታይ ነበር፤ ያየችውን ነው የምትደግመው አልኩ ለራሴ። ልጅ አይደለች! ቅባቱን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ። ከአምና ጀምሮ አልተከፈተም። በጣቴ ትንሽ ቆንጥሬ ትከሻዋን ነካሁ።

ቀጭን ናት። ሞቃት። የልጅ ትከሻ።

"ዝቅ በይ..." አለች።

ጣቴን ዝቅ አደረግኩ።

"እዚያ ጋ።"

ባንጆ ጭራውን ይቆላል።

እና ከጣቴ ሥር... ከዚያ ለስላሳ ቆዳ ሥር... የእርግብ እንቁላል የሚያህል ጠማማ አጥንት አለ።