የመጀመሪያ ውሃ

ዳኜ የሞተው በገዛ ቦዩ ውስጥ ነው። የመልካ ጂርማ ከተማን ጎርፍ ከላይ እስከ ታች የሚያወርደውን ያንን ቦይ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠርግ ኖሮ፣ አርብ ጠዋት ሬሳው ውሃውን ዘግቶ ተገኘ። ቦቲ ጫማ ይገዛልኝ ብሎ ካመለከተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የሞተው በሸራ ጫማ ነው።

ኢንስፔክተር ሉብና ከሊፋ ቅዳሜ ከሰበታ በሚኒባስ መጣች። ወሩ ሐምሌ፣ ዘመኑ 2008 ነበር። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም ቁጣው አልቀረም፤ አስፋልቱ ላይ የጎማ አመድ ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ሽመክት ገና ሳትቀመጥ ወረቀት ዘረጋላት።

«መዝገቡ አልቋል፤ ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ሰልፍ ወጣ። ጎበና የሚባል ገበሬ ዳኜን በድንጋይ ገድሎ ቦይ ውስጥ ከተተው። ስድስት ሰዓት ላይ ከሰልፈኛው መሀል ያዝነው።»

«ሲመታው ያየ አለ?»

«ሲዝትበት ያየ ሞልቷል። ከቦዩ ግርጌ ነው የሚኖረው፤ ሦስት ላም ሞቶበታል። ‹ላሞቼን የፈጀው ያንተ ውሃ ነው፣ አንተንም ይፍጅህ› ብሎታል። ሰኞ ከሌሎቹ እስረኞች ጋር ወደ ማቆያ ይሄዳል።»

ማቆያው ሩቅ ነው። እዚያ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያስገባውም አያውቅም።

በሩ ላይ የጎበና ሚስት ተረፈች የምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ተረፈች?» አለቻት ሉብና፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ፈያ፣ ደህና፣ ልጄ። ምን ፈያ አለ! ባሌ እንኳን ሰው ዶሮ አርዶ አያውቅም። አንዴ ከወሰዱት አላገኘውም።»

«ሰኞ ሳይደርስ ኦቦ ጎበናን አወጣቸዋለሁ» አለች ሉብና። ፖሊስ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። እሷ ግን ቃሏን ሰጠች።

የሟቹ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ነበር፤ የፈታውም የለም። ሸሚዙ ሰማያዊ ሆኗል። ሉብና የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ብትፈትገው ንቅንቅ አላለም። የማይለቅ የፋብሪካ ቀለም ነው። በደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት የሽሮፕ ብልቃጥ ሰማያዊ ውሃ ሞልታ፣ ጥብቅ ብላ ተከድና አገኘች። በተለጠፈባት ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ሐሙስ፣ ሐምሌ 21። የመጀመሪያ ውሃ» ይላል።

ሬሳውን ያገኘው ሸምሰዲን የቦዩ አፋፍ ላይ ብረታ ብረት ይሸጣል።

«ዝናብ ሲመጣ ሰው ይሸሻል፤ ዳኜ የቦዩን ክዳን ከፍቶ ይገባል» አላት። «የላይኛው ቀለም ፋብሪካ እድፉን አጠራቅሞ ዝናብ ይጠብቃል። ጎርፉ ደፍርሶ ሲወርድ ይለቅበታል፤ ማን ያየዋል? ዳኜ ግን መጀመሪያ የሚወርደውን፣ መሀሉን፣ መጨረሻውን በየብልቃጡ ይቀዳል። ጽፎ፣ ለጥፎ በቦርሳ ይይዛል። ሬሳውን ሳገኘው ግን ቦርሳው አልነበረም።»

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ዘነበ፣ ጋሽ ሸምሰዲን?»

«ዘጠኝ ላይ። ከዚያ በፊት ሳምንቱን ጠብ አላለም፣ ቦዩ ደርቆ ነበር። እኔ ሱቁን በሰልፉ ምክንያት ዘግቼ ቤቴ ነበርኩ። አርብ ውሃ ሱቄ ስለገባ ክዳኑን ላነሳ ስል ጣቴን ቀጠቀጠኝ።» የታሰረ ጣቱን አሳያት። «የማንሻው ብረት ማስገቢያ ቀዳዳ እንደወትሮው በሱቁ በኩል ነው ብዬ እጄን ሰደድኩ። በመንገዱ በኩል ሆኖ ጠበቀኝ።»

ሉብና ወጥታ ክዳኖቹን እያየች ሄደች። የሌሎቹ የሠላሳ ስምንቱም ክዳኖች ቀዳዳ ወደ ሱቆቹ ዞሯል።

«ዳኜ ነው እንዲህ ያዞራቸው» አለ ሸምሰዲን። «በመንገዱ በኩል ሲሆን የመኪና ዘይትና አሸዋ እየገባ ደፈነበት።»

ከዚያ የቦዩ ኃላፊ ወደሆነው መሐንዲስ ወደ ሀብተወልድ ቢሮ ሄደች። ትልቅ ፕላን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«ቀዳዳው ወደየት ነው የሚዞረው፣ ኢንጂነር?»

«ወደ መንገዱ ነዋ! ፕላኑ እኮ ይኸው።»

«ሐሙስ ወጥተው ነበር?»

«በዚያ ግርግር? እስከ ማታ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

ዝቅ ብላ ጫማውን አየች። ያረጀ ቡናማ ቆዳ ነው፤ ማሰሪያው ግን ከሱቅ የወጣ አዲስ። አመስግናው ወጣች።

እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ሸምሰዲን ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደሩ ቆመ፣ መሐንዲሱ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠ፣ ተረፈች በሩን ተደግፋ ቀረች።

«የሞተ ሰው ብልቃጥ ሞልቶ አይከድንም» ብላ ጀመረች ሉብና። «ሰማያዊው ውሃ የሚወርደው ሲዘንብ ነው፤ የዘነበው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ዳኜ በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር። ኦቦ ጎበና ከስድስት ጀምረው እርስዎ ጋ ታስረዋል፣ ኮማንደር።»

ተረፈች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ገዳዩ ክዳኑን ሲመልስ ቀዳዳውን ወደ መንገዱ አዞረው። ጋሽ ሸምሰዲን ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ላይ ይጠርጋሉ፣ ቀዳዳው ወደየት እንደሚዞር አይስቱትም። ሰልፈኛ ቢሆን ከጎን ያለውን ክዳን አይቶ ይገጥማል። ቦዩን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን በወረቀቱ መሠረት ይገጥማል። ያም ሰው የብልቃጡን ቦርሳ ለመውሰድ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ደረት ኪስ መፈተሹን ግን ረሳ። ኢንጂነር፣ ቀለም የነካውን የጫማ ማሰሪያ ቀይረዋል። እስቲ ጫማዎን ያውልቁ።»

ሀብተወልድ ኮማንደሩን አየ። ኮማንደሩ መሬት መሬት አየ። ጫማው ወለቀ፤ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰማያዊ ነበር።

«በዚህ ቦይ ከዝናብ በቀር ምንም አይወርድም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ መሐንዲሱ። «ዳኜ ብልቃጦቹን ለሰልፈኛው ላሳይ ነው አለኝ። ለመንኩት። ጀርባውን ሲሰጠኝ የክዳን ማንሻው ብረት እጄ ላይ ነበር።»

«ይኸው ኮማንደር፣ ሰምተዋል። ኦቦ ጎበናን ያስፈቱልኝ።»

ሽመክት ብልቃጧን ከእጇ ተቀበለ። ወደ ብርሃን አንስቶ አያት።

«ይቺ ከዚህ ከወጣች ነገ ፋብሪካው ይነዳል፣ በማግሥቱ ከተማዋ» አለ። ወደ ደጅ ወጥቶ ክዳኗን ፈታና ቦዩ ውስጥ ደፋት። «ሪፖርቱ ያላንቺ ፊርማ ትናንት ወደ ላይ ሄዷል። ጎበናም ዛሬ ጠዋት ወደ ማቆያ ሄዷል።»

«ሰኞ ብለውኝ ነበር!»

«አውቶቡሱ አንድ ወንበር ተርፎት ነበር።»

ሀብተወልድ ጫማውን አሰረ። ማንም አልያዘውም፤ ኮማንደሩን ተከትሎ ወጣ። ሉብና ሽጉጧ ወገቧ ላይ እያለ ቆማ ቀረች፤ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ጣለ። ሸምሰዲን ዕቃውን ከወለሉ ያነሳ ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቦዩ ደፈረሰ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፣ ቁልቁል ወደ ማሳዎቹ ወረደ።

«ታዲያ ባሌ ይመጣል?» አለች ተረፈች።

ሉብና ወደ ቦዩ አመለከተች። «አዴ ተረፈች፣ ቢያንስ የቀሩትን ከብቶች ይህን ውሃ አያጠጧቸው» አለቻት።

ተረፈች የምሳ ዕቃውን ከመሬት አነሳች። ምግቡ አልተነካም።

«ሌላ ውሃ የለንም» አለችና በቦዩ ዳር ቁልቁል ሄደች።