አቀበቱ አናት ላይ የፈነዳው ቦርሳ

«ጧ!» የሚል ድምፅ ሲፈነዳ ኡሉክማን ጥይት የመታው መስሎት ከነሞተሩ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ከጎኑ የምትነዳው ጓደኛው አይዚሬክ ፍሬን ይዛ ዞር ስትል ከጀርባው ነጭ ነገር ይንዠቀዠቃል። ጠረኑ ቀድሞ ደረሳት፤ ቅምዝ ነው፣ ኮምጦ የሚፈላው የባዝራ ወተት።

«ታያኬ፣ ቁም!» ብላ ከፊት የሚነዳውን የእናቷን ወንድም ተጣራች።

ሳግንቤክ ሞተሩን አዙሮ መጣ። ልጁን አገላብጦ አየው። የጉልበቱና የክርኑ መከላከያ ሥራውን ሠርቷል፤ አንድ ጭረት የለበትም። ሳቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጀርባ ላይ በሚታዘል የውሃ ቦርሳ ውስጥ ቅምዝ? ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ስትንጠው ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

«እማዬ ናት» አለ ኡሉክማን አንገቱን እየጠረገ። «ውሃውን ደፍታ ሞላችው። ልጇ ውሃ ብቻ ይዞ ወጣ ከሚባል ብትሞት ይሻላታል።»

በእኛ መንደር ሰውን በውሃ መሸኘት ያሳፍራል። እናቱን አውቃታለሁ፣ ጎረቤቴ ናት፤ ቧንቧዋን ልጠግን የገባሁ ቀን እንኳ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ቅምዝ ሳልጨልጥ አልለቀቀችኝም።

«አንተስ አፍ የለህም?» አለው ሳግንቤክ።

«አለው እንጂ» አለች አይዚሬክ፤ «ቅምዝ ሲመጣ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

ሳግንቤክ ግን ሳቁን ጨርሶ ነበር። ከመንደር ሲወጡ የሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ጀርባ ላይ ውሃ ብቻ፤ መፍቻና ፒንሳ፣ ሲወድቁ አከርካሪ እንዳይሰብር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞተሩ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ጭነቱን ያበላሸ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የሚሄዱበትን ሐይቅ ለሚመጣው ዓመት ያያል።

«እዚያ ታች ያለው የእረኞች ድንኳን ይታይሃል? እዚያ ጠብቀን። ነገ ስንመለስ እንወስድሃለን።»

ኡሉክማን አልተከራከረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአይዚሬክ ጋር ስለዚያ ሐይቅ ሲያወሩ ኖረዋል። ሞተሩን አነሳና ከመቀመጫው ሥር ያሰረውን የመፍቻ ጥቅል በእጁ ፈተሸ፤ ንቅንቅ አላለም።

አይዚሬክ የቦርሳዋን ማንገቻ ሳብ አደረገች። የእሷ የመፍቻ ጥቅል ቦርሳው ውስጥ ከውሃው ኋላ፣ ልክ አከርካሪዋ ላይ ጠንክሮ ተቀምጧል። ጠዋት ማሰሪያው ሦስት ጊዜ ሲላላባት ማን ያያል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሞተሩ ላይ በቦታው የዝናብ ልብሷን ጠቅልላ አሰረች። ሳግንቤክ «አሰርሽ?» ሲላት «አስሬያለሁ» ብላለች፤ ውሸትም አይደለም፣ የሆነ ነገርማ አስራለች። ኡሉክማን የወደቀው በጀርባው ነበር።

«እንሂድ» አለ ሳግንቤክ።

«ፎቶ አንሺልኝ» አላት ኡሉክማን። «ሐይቁን ብቻ፤ ያንቺን ፊት መንደርም አየዋለሁ።»

አይዚሬክ ሞተሯን አጠፋች። ቦርሳዋን አውልቃ ከፈተችና ጥቅሉን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ብረቱ ተንቃጨለ።

ሳግንቤክ ጥቅሉን አየ፣ የታሰረውን የዝናብ ልብስ አየ። እሱም ሞተሩን አጠፋ።

አይዚሬክ የሞተሯን አፍንጫ ወደ ድንኳኑ አዞረች።

«እዚያ ቅምዝ ይኖር ይሆን?» አለችው ኡሉክማንን።