አየር የጨመቅንበት ማክሰኞ

የ1970 በጋ ክፉ ነበር። ስኳር ጠፋ። ወጣት ጠፋ። የት ገባ ብሎ የሚጠይቅም ጠፋ። ጎፋ ውስጥ ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ዙሪያውን ያይ ነበር።

እኔ ጠዋት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ከሰዓት ስምንተኛ ክፍል እማራለሁ። ጫልቱ የምትባል ልጅ ከኋላዬ ትቀመጣለች። የምትኖረው አጎቷ ዘንድ ነው፤ አጎቷ የቀበሌ ካድሬ ነው። ዞር ባልኩ ቁጥር ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «ይቺ ጆሮ ጠቢ ናት» አልኩ በልቤ። ቆንጆ መሆኗ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

አንድ ማክሰኞ መምህር ወጋየሁ ለሳይንስ ሙከራ ሁለት ሁለት አድርጎ አጣመረን። የደረሰችኝ እሷ! መርፌ የሌለው ትልቅ ስሪንጅ ሰጠን። እኔ አፉን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ። እሷ ከላይ የሚዛን ድንጋይ ትጭናለች፤ ግፊቱ ሲጨምር የአየሩ ይዘት ስንት እንደሚሆን ታነባለች።

ለማንበብ ጎንበስ ስትል ፊቷ ፊቴ አጠገብ ሆነ።

«ምን ታይኛለሽ?»

«አንተን ማን አየህ? ቁጥሩን ነው!»

ቁጥሩን ደግማ አየችና፣ «አየር እያሾለክህ ነው» አለች።

«አላሾለክሁም።»

«ሌላ የምትደብቀውን ደብቅ። አየሩን ግን በደንብ ያዝ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ዋጥኩት።

ሐሙስ ያዙኝ። ማክሰኞ ከሰዓት የፋብሪካው አጥር ላይ መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ «የለጠፍከው አንተ ነህ» አሉኝ። ቀበሌ መምህሩን ጠሩት። መሬት መሬት እያየ፣ «ተማሪው ብዙ ነው... አላስታውስም» አለ።

ከዚያ ጫልቱ ገባች። አለቀልኝ አልኩ።

«ማክሰኞ ከእኔ ጋር ነበር» አለች።

ሊቀ መንበሩ ጓድ በኃይሉ ቀና አለ። «ምን ስትሠሩ?»

«አየር ስንጨምቅ።»

«ደግሞ ስም አወጡለት!» አለ አንዱ ጠባቂ። ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ዕቃው ይምጣና ሥሩት» አለ ሊቀ መንበሩ። «ውሸት ከሆነ ሁለታችሁም አትወጡም።»

መጣ። አፉን ደፈንኩ። ሳላስበው በሌላው እጄ ድንጋዮቹን ወደ ግራዋ ገፋሁላት።

«ቆይ! ለምን አዞርካቸው?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

«ግራኝ ናት።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ማክሰኞ አብረን ስንሠራ አየሁ።»

ጓድ በኃይሉ እጇን ተመለከተ። በግራዋ ድንጋይ አንስታ ጫነች። አየሩ ጠበበ። አነሳችው፤ መልሶ ሰፋ።

«ውጡ» አለ።

ደጅ ላይም አላመንኳት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እሱ ብቻ?»

«ከኋላህ የምቀመጠው... ለትምህርቱ ብቻ መሰለህ?»

አጎቷ ለእኔ በመመስከሯ ከቤት አስወጣት፤ ከትምህርቷም አስቀራት። ለቡ አክስቷ ዘንድ ገባች። እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ ግን ለወራት እየተጠራጠርኩ ነበር። አንድ ቀንም ስለዋለችልኝ ውለታ አላነሳችብኝም። ያን ጊዜ አመንኳት። ተጋባን።

በእኔ ምክንያት የቀረው ትምህርቷ ግን ዕዳ ሆነብኝ። ልጅ መጣ፣ ችግር መጣ፣ ዕዳው ቆየ። በኋላ ግድ ብዬ ካቆመችበት አስጀመርኳት። ከፋብሪካ ስመለስ ልጅ አዝዬ ወጥ ሠራሁ። ጎረቤት ሳቀብኝ። ይሳቅ።

በ1979 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ የወጣ ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። ትንሹ ልጃችን ጀርባዬ ላይ ተኝቷል። እየሮጠች ወጣች።

«አለፍኩ!»

እንባዬን አየችው።

«በቃ አባይነህ» አለች፤ «ከእንግዲህ የኔ ዕዳ የለብህም።»