ከአዋሽ ወዲህ የማይሠራ ፈቃድ

መቶ አለቃ ጉተማ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው ቤት ሲደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር። አብተው የሚባል ጎልማሳ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ደረቱን ተመትቶ ወደ ኋላ ወድቋል። በግራ እጁ የመወልወያ ጨርቅ ጨብጧል፤ ሽጉጡ እግሩ ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዳ የተሠራው ዶሮ ወጥ እንደቀረበ ቀርቷል፤ እንጀራው ጫፉ እንኳ አልተቆረሰም። ጉተማ በሥራው ብዙ ሬሳ አይቷል፤ ምሳው ቀርቦለት ሳይበላ የሞተ ሰው ሲያይ ግን አንጀቱ አይችልም።

«ገዳዩ ታውቋል፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ሰብስቤ። ሰብስቤ ሁሉን ነገር ከሰው ቀድሞ ማወቅ የሚወድ ሰው ነው። «የሚስቱ አባት ናቸው። ጥይት ያለበት ሽጉጥ ኬላውን አሳልፈው አምጥተዋል።»

ሽጉጡ በእርግጥ የአቶ ተክለሃይማኖት ነው። ሽማግሌው ልጃቸውን ተሻለችንና ባሏን አብተውን ሊጠይቁ ያን ቀን ረፋዱ ላይ ከሁሩታ መጡ። ፈቃድ አላቸው፤ ማኅተሙ ግን የአርሲ ነው። የአርሲ ማኅተም ደግሞ እስከ አዋሽ ድልድይ ነው የሚሠራው፤ ከድልድዩ ወዲህ ሸዋ ነው፣ ሸዋም የጎረቤቱን ፈቃድ አያውቅም። የኬላው ጠባቂዎች ለዚህ የራሳቸው መላ ነበራቸው፤ የመንገደኛውን ጥይት በጨርቅ ቋጥረው ያስቀሩና ባዶውን ሽጉጥ ያሳልፉለታል። የቤቱ ሰዎች ሁሉ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር። አቶ ተክለሃይማኖት ራሳቸው «ከወገቤ በቀር የሚያስፈራራው የለም» ብለው ስቀውበታል።

«እስከ ሠልስቱ እታገሣለሁ» አለ ሰብስቤ። «ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እልካቸዋለሁ።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ የተላከ ሰው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ከጓዳ የአብተው እናት የወይዘሮ መሰለች ዋይታ ይሰማል። «ልጄን በላው! ያ ሽማግሌ ልጄን በላው!»

ጉተማ ሽጉጡን አነሣ። ካዝናው ባዶ ነው። የተተኮሰው አንድ ፍሬ ጥይት ብቻ ነበር፤ ቀለሀውም ለአብዮት ጠባቂዎች ከታደለው አዲስ ጥይት ነው። ሽጉጡን በኪሱ ከተተና ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ።

ሽማግሌው ጥግ ላይ ኩርምት ብለው አገኛቸው። «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ባዶውን ሽጉጣቸውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

«እስቲ ያቀባብሉት።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። የወፍጮ ቀበቶ ይዟቸው ሁለቱ ጣቶቻቸው ደርቀዋል። ሳቡት፣ አሁንም ሳቡት፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

«ሁሩታ ማን ያቀባብልልዎታል?»

«ወንድ ልጄ ነዋ። እኔማ ለስሙ ነው የታጠቅሁት።» እንባቸው መጣ። «አብተውን እኮ ገና ሲዳር መርቄዋለሁ። ምነው እኔን በወሰደኝ!»

ከቀብሩ በኋላ ተሻለችን አነጋገረ። በአንድ ቀን ባሏን ቀብራ አባቷን ያሰሩባት ሴት ናት፤ ድምጿ አልቋል።

«እኔ ግቢ ውስጥ የአባባን እግር ሳጥብ፣ አብተው ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳ ያቀብለኝ ነበር።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበረ?»

«እናቱ ጓዳ ናቸው። ዋናው ቤት የአብተው ጓደኛ ደሊል ብቻ ነበር። ከዚያ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ፤ ደሊል መኪናው መንገድ ዘግታ ኖሮ ሮጦ ወጣ። አብተው ‹የአባባን ሽጉጥ አቧራውን ላራግፍላቸው› ብሎ ገባ። ወዲያው ሽጉጡ ጮኸ።»

«መሣሪያ ይወድ ነበር?»

«ኧረ ይፈራል! ቀበሌው ለጥበቃ መርጦት ሥልጠና ገብቶ ነበር። ሲወለውል አፈሙዙን ወደ ራሱ ያዞራል እያሉ በሰው ፊት አስወጡት። ያልሠለጠነ መሣሪያ አይሰጠውም፤ መሣሪያ የሌለው ደግሞ ፈሪ ይባላል። ጓድ ሰብስቤ ራሱ ሜዳ ላይ ሰደበው። ከዚያ ወዲህ ምግብ አስጠላው።»

ጉተማ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ሰብስቤ ላይ ጥሎ ነበር። ይሁንና ሰብስቤ ጥይቱ ጮኾ ሰው እስኪጠራው ድረስ ከሥልጠናው ሜዳ ፈቀቅ አላለም፤ ይህንንም ሠልጣኞቹ ሁሉ መሰከሩ።

የጭነት መኪና ሾፌሩ ደሊል፣ የአብተው አብሮ አደግና ሠልጥኖ የታጠቀ አብዮት ጠባቂ፣ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ልጠይቀው ነው የመጣሁት። ሽጉጡን አላየሁትም» አለ።

በግድግዳ የምትዋሰናቸው ፋዲላ ግን የምትናገረው አላጣችም።

«እንደ ወንድም ነበር የሚዋደዱት፣ ጌታዬ! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ደሊል ‹አጉርሼዋለሁ፤ አደራ!› አለ፤ ወዲያው ጥሩንባው ተነፋ። ሲወጣ ነው እንግዲህ። የመጨረሻ ጉርሻውን ከወንድሙ እጅ ጎርሶ ሞተ።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጉተማ ያ ያልተቆረሰ እንጀራ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። «ከዶሮው ነው ያጎረሰው?»

«ምን ማለትዎ ነው? እኔም እሱም የክርስቲያን ሥጋ አንነካም። መሰለች ሁልጊዜ ለእኛ ሽሮ ለብቻ ትሠራለች።»

«ሽሮው ቀርቦ ነበር?»

«የት ቀርቦ! እሳት ላይ አርሮ እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

በሠልስቱ ለቀስተኛው ድንኳኑን ሞልቶ ሳለ ጉተማ ሽማግሌውን አስመጣቸው። መሰለች ፊቷን አዞረች። ሰብስቤ ታጣቂዎቹን አስከትሎ በር ላይ ቆመ።

«ኀዘናችሁ ላይ ስለመጣሁ ይቅር በሉኝ» አለ ጉተማ። «ነገ ግን ያለ ጥፋታቸው የሚሄዱ ሰው አሉ። አቶ ተክለሃይማኖት ይህን ሽጉጥ ማቀባበል አይችሉም፤ እጃቸውን እዩት። ጥይታቸው ኬላው ላይ እንደተቋጠረ ነው። ልጆቻችን ሜዳ ላይ ሲሠለጥኑ ደግሞ ጥይት ስለሚቆጠብ ካዝና አይሞሉም፤ አንድ ፍሬ በእጃቸው ከትተው ያቀባብላሉ። ይህም ሽጉጥ እንደዚያው ነው የተዘጋጀው።»

«ይህማ ሠልጣኙን ሁሉ ያስጠረጥራል» አለ ሰብስቤ።

«ያስጠረጥራል። ፋዲላ ግን ደሊል ‹አጉርሼዋለሁ› ሲል ሰምታለች። ማንን ነው ያጎረሰው? አብተው በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ውሃ ይቀዳ ነበር። እንጀራው አልተቆረሰም፤ ሽሮው እሳት ላይ ነው፤ ዶሮውን ደሊል አይነካም። ከደሊል ጋር ቤት ውስጥ የነበረው ሽጉጡ ብቻ ነው። ሽጉጥም ይጎርሳል።»

ደሊል ከለቀስተኛው መሀል ተነሣ።

«ጥይቱ የእኔ ነው» አለ። «ላስተምረው ነበር። የቀበሌውን ሽጉጥ ላልሠለጠነ ሰው መስጠት ያስገድላል፤ የአባባ ሽጉጥ ባዶውን ተሰቅሎ ሳየው፣ አንድ ፍሬ አጉርሼ እንዴት እንደሚወጣ ላሳየው፣ ፍርሃቱ ይልቀቀው ብዬ... መኪናዬን ፈቀቅ አድርጌ ልመለስ ነበር። ገዳዩ እኔ ነኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ማን አጉርስ አለህ?» ብሎ ጮኸ ሰብስቤ።

ደሊል ቀና ብሎ ወደ መሰለች አየ፤ መልሶ አቀረቀረ። «ማንም። በራሴ ነው።»

ጉተማ ይህ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ሰው ‹አጉርሼዋለሁ› የሚለው አጉርስ ላለው ነው። ጓዳ የነበረችው ማን እንደሆነችም ያውቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስለው አድሮ፣ ይህችን ነገር እንዳላየ ሊያልፋት ቆርጦ ነበር የመጣው። ደሊልን ስለዚያች ውሸቱ ወደደው።

«አይዋሽ» አለች መሰለች።

ሁሉም ዞረ።

«እኔ ነኝ ‹ደሊል፣ እስቲ አንተ አጉርሰው› ያልኩት። ከጓዳ ሆኜ። ልጄ ከእሱ ጋር የተቀመጠ መስሎኝ። ከእኔ እጅ እምቢ ብሎኝ ሰንብቷል፣ ካንተ እጅ ባዶ እንጀራም ቢሆን ይጎርሳል ብዬ...»

«እትዬ መሰለች፣ ይተዉት» አለ ደሊል እያለቀሰ።

«አንተስ ምን መሰለህ?» አለችው መሰለች።

«ላስተምረው እንደመጣሁ ስገባ ነግሬዎት ነበር። ሽጉጡን ይዤ፣ በሰው ቤት ጥይት ላግባ ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ ድምፅዎን ሰማሁ። የፈቀዱልኝ መሰለኝ። ለዚያ ነው አደራ ያልኩዎት።»

«አደራ ስትለኝ እኮ ደስ አለኝ» አለች። «ልጄ እህል ቀመሰ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት።»

ተነሥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች፤ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በዚያ በደረቀ እጃቸው ትከሻዋን ያዟት። ተያይዘው አለቀሱ። ሰብስቤ ታጣቂዎቹን ደሊልን እንዲይዙ በዓይኑ ጠቀሳቸውና ሽማግሌውን እንዳላየ ትቷቸው ወጣ። ጉተማ ደሊልን የሚያተርፍበት መንገድ ፈለገ፤ አላገኘም። እስከ ቀበሌው በር አብሮት ሄደ፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ሥልጣን አልነበረውም።

ሲመለስ ለቀስተኛው እህል እየቀመሰ ነበር። መሰለች ብቻ አልነካችም። ፋዲላ ዳቦዋን በሽሮ ወጥ አጥቅሳ ተጠጋቻት፣ እንደ ልማዷም እጇን ዘረጋች።

«በሞቴ፣ እስቲ ላጉ—»

ቃሉን አፏ ውስጥ አስቀረችው። እጇ አየር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ጠፋ። መሰለች የፋዲላን እጅ ብዙ ከተመለከተችው በኋላ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።