ያልተፋቀው ቁም ሳጥን

አያ በዛብህ ሞተው የተገኙት አልጋቸው ላይ፣ ትናንት ቫርኒሽ ከተቀባው አሮጌ ቁም ሳጥናቸው ትይዩ ነበር። ሐኪሙ «ታፍነው ነው» አለ። ምራታቸው ሸጋ፣ «አናጢው መርዋን ነው! መስኮቱን ዘግቶ በቀለም ሽታ ገደላቸው» ብላ ጮኸች። ኢንስፔክተር ማናለብሽም ቃሏን አምና፣ መርዋንን በካቴና አስራ በእንጅባራ ገበያ መሀል ወሰደችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ!

ከቀብር መልስ ጣቢያ ውስጥ ጠየቀችው።

«ለምን አሮጌውን ቅብ አልፋቅኸውም?»

«አያ በዛብህ አላስነካም አሉ። ‹የሟች ባለቤቴ እጅ ያለበት ነው፤ ሳትፍቅ አድስልኝ› አሉኝ። በሳሙና አጠብኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አድርጌ ከላይ ቀባሁት። በዚህ ክረምት ቶሎ አይደርቅም፤ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ እርሳቸውም ሌላ ክፍል ይተኙ ብዬ ለሸጋ ነግሬ ወጣሁ።»

ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ዓይኑን ለማየት አፈረች።

ወደ ለቅሶው ቤት ሄዳ ቁም ሳጥኑን ነካች። ላዩ ጣቷን ያዘው። የግራው በር የታችኛው ጥግ ግን ደርቆ አረፋ አረፋ ሠርቷል፤ የአመድ ቅንጣትም ተጣብቆበታል። በቀኙ በር እርጥብ ቫርኒሽ ላይ የተጣበቀ ነጭ ክር አየች።

ሸጋንና ባሏን ትዕዛዙን ወደ ክፍሉ ጠራች። የእነሸጋን ልጅ ሃናን ለወንድ ልጃቸው ሊጠይቁ ከዳንግላ መጥተው ለቅሶ የጠበቃቸው አቶ ሽመክትም ገቡ። መርዋን ካቴናው ተፈትቶለት በሩ ሥር ቆመ።

«በዚህ ብርድ አንድ ጥግ ብቻ የደረቀው ትኩስ ነገር ተጠግቶት ነው» አለች ማናለብሽ። «አመዱም ይናገራል፤ የከሰል ማንደጃ ነው። አያን ያፈናቸው በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል ነው።»

«ማንደጃ የታለና?» አለ ትዕዛዙ።

«ጠዋት ወጥቷል። ያወጣው ሰው ጎንበስ ሲል የነጠላው ጫፍ እርጥቡን በር ነካ። ጫፉ እግር ሥር ስለሚውል ማንም ልብ አይለውም ነበር። ለለቅሶ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ግን ጥለቱ ወደ ላይ ይመጣል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሸጋ ትከሻ ዞረ። ጥለቱ ላይ ሳሙና ያላስለቀቀው ቡናማ እድፍ ነበር።

«ለእንግዶቹ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ነው» አለች ሸጋ። «አሮጌነቱ ያሳፍረኝ ነበር። አባባም ከአልጋዬ አልነሣም አሉ፤ ይሞቃቸዋል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት። ጠዋት ሞተው ሳገኛቸው ሰው ምን ይለኛል ብዬ ማንደጃውን ደበቅሁ። በንጹሕ ሰው ላይም መሰከርኩ።» መርዋን እግር ላይ ወደቀች።

ኀፍረቱ የሸጋ ብቻ አልነበረም። «መርዋን፣ ገበያ መሀል አስሬሃለሁ፤ ይቅርታ የምጠይቅህም እዚያው ገበያ መሀል ነው» አለች ማናለብሽ።

እሱም ሸጋን በክንዷ ይዞ አነሣትና «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ብቻ አለ።

አቶ ሽመክት ቁም ሳጥኑን አሁን ገና አዩት። «ልጄ» አሉ ዝግ ብለው፣ «እኛ የመጣነው ሃናን ብለን ነው። ዕቃ ልናይ አልነበረም።»

ሸጋ ፊቷን ልትሸፍን ነጠላዋን ሳበችው፤ እጇ የገባው ግን ያው ያደፈው ጥለት ነበር።