ጨው አይተንም

መምህር ሳህሉ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ብርጭቆ እንደያዙ ሞቱ። በስደት ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር ያለው ሐበሻ በራቸው ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ ልማዱ ሳያጣራ ፈረደ፤ ገዳይዋ ውሃ ቀጂዋ ሌንሳ ናት። ፖሊሶቹም ሊወስዷት ደጅ ቆመዋል።

አስካለማርያም ድሮ አዲስ አበባ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን እዚሁ ሰፈር ምግብ ቤት አላት። የፖሊሱ አለቃ ደንበኛዋ ስለሆነ ነገሩን እንድታጣራ አንድ ሰዓት ፈቀደላት። ከነፍሰ ገዳይ ይልቅ ሞኝ ያሰለቻት ነበርና ደጅ ያለውን ሕዝብ ቀና ብላም አላየችው።

ኮሮና ትምህርት ቤት ካዘጋ ወዲህ ሟቹ የሰፈሩን ልጆች በስልክ ያስተምሩ ነበር። የዛሬው ትምህርት ውሃ ማጣራት ነው። ጨዋማ ውሃ ድስት ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በረዶ የተጫነበትን ግልብጥ ክዳን ሲነካ ውሃ ሆኖ መሃል ወደተቀመጠችው ብርጭቆ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ መምህሩ ይጠጡታል።

«ውሃውን ከምንጭ የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ ጨውም የጨመርኩት እኔ ነኝ። አዘውኝ ነው፣ እትዬ» አለች ሌንሳ።

ቪዲዮ ያነሳችው ጎረቤት አለምዘውድ ናት። «ብርጭቆው ከድስቱ ሲወጣ፣ እስኪቀዘቅዝ ብዬ ስልኩን አጠፋሁ። ዶክተር ወደ ማድቤት ወስዶ አቀዘቀዘና ቀምሼዋለሁ ብሎ አቀረበላቸው።»

ዶክተር የተባለው ወንድይፍራው ነው። በእንፋሎት የተጣራ የዕፅዋት መድኃኒት እያለ ለኮሮና ይሸጣል። የት እንደተማረ የጠየቀው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። በመምህሩ ደብተር ላይ «ቀጣይ ትምህርት፦ የዶክተሩ ጠርሙስ ውስጥ ምን አለ?» የሚል ተጽፏል።

«ዶክተር፣ በእርግጥ ቀምሰውታል?»

«እንዴታ። ሰው ሳይቀምስ ለታላቁ ያቀርባል?»

«ጣዕሙስ?»

«ጨው ጨው ይላል። የልጅቷ ጨው መርዙን ሸፍኖት ነው። እኔም ጠብታ ብቻ ስለቀመስኩ ተረፍኩ።»

አስካለማርያም በሆዷ ሳቀች። ድስቱን አጥባ የጨው ውሃ ጨመረችበት፤ መሃሉ ሌላ ንጹህ ብርጭቆ አኑራ፣ እንደ መምህሩ ክዳኑን ገልብጣ በረዶ ጫነችበትና ምድጃው ላይ ጣደችው። ፖሊሱንም ጎረቤቶቹንም አስገባች። ብርጭቆው ጥቂት ሲጠራቀምበት አውጥታ ለወንድይፍራው ሰጠችው።

«ይቅመሱ።»

ቀመሰ።

«ምን ይላል?»

«ምንም» አለ ድምፁን ቀንሶ።

«ጨው አይተንም፣ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ይህን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል፤ የተጣራ መድኃኒት ሻጩ ግን አያውቅም። እንግዲህ አልቀመስክም። ለምን? ውስጡ ያለውን ስለምታውቅ ነው። የመምህሩ ብርጭቆ ሥር ነጭ ዝቃጭ አለ። ዱቄትም እንደ ጨው ከእንፋሎት ጋር አይወጣም፤ ስለዚህ ብርጭቆው ከድስቱ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ የያዝከው አንተ ነህ። ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር? ሰው መርዘህ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ልትባል ፈለግህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፖሊሱ ኪሱን ሲፈትሽ የአይጥ መርዝ የተጠቀለለበት ወረቀት አገኘ። ሌንሳን ሊያስሩ በመጡበት ካቴና እሱን ይዘውት ሄዱ።

ይቅርታ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት እያየ ሲበተን አለምዘውድ ብቻ ወደ ኋላ ቀረች።

«ሌንሳዬ፣ ያለፈው አለፈ። ነገ ውሃውን በጠዋት ታመጭልኛለሽ አይደል?»

ሌንሳ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ምንጩ ሩቅ አይደለም፣ እትዬ አለምዘውድ። እርስዎም እግር አለዎት።»